ለአምሐ እጅ የሚሆን አፈሙዝ

እሑድ፣ ማርች 1 ቀን 1987፣ ኦክላንድ

ይህ ደብተር ፅጌረዳ ለባዮሎጂ ገዝታ አምስት ገጽ ሞልታ የጣለችው ነው። የእንቁራሪት ሥዕል ያለባቸውን ገጾች ቀድጄ የቀረውን ለራሴ አደረግሁት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ያላት እናት የሚጣል ነገር አታጣም።

ባለቤቴ ትናንት አፈሙዝ የሌለው ጠመንጃ በፎጣ ጠቅልሎ ይዞ ገባ። የሰው ባል ዳቦ ይዞ ይገባል። አምሐ ሳንታ ክላራ አንድ ብረታ ብረት ቤት ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጸው በቶርኖ ማሽን ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሳን ሆዜ ድረስ እየሄደ ዎልት የሚባል ሽማግሌ ጠመንጃ ሠሪ ያግዛል። ዎልት ነው ይህንን «ወስደህ የራስህን ሥራ» ብሎ የሰጠው። ሌላው ሁሉ አለው፤ የጎደለው አፈሙዙ ነው።

«ለምን ይሆንሃል?» አልኩት።

«ለዒላማ። ደግሞም ለሽኮኮ።»

ሊቨርሞር ያሉ ከብት አርቢዎች ሽኮኮ መሬቱን እየቦረቦረ የላሞቻቸውን እግር ያሰብርባቸዋል አሉ፤ ስለዚህ ተኩሶ የሚያጠፋላቸው ሰው ሲመጣ በደስታ በሩን ይከፍቱለታል። «ሌላው አንበሳ ገዳይ ተብሎ ተፎከረለት፤ ለኔ ባል ሽኮኮ ገዳይ ብዬ ልፎክርለት ነው!» አልኩ። ሳቀ። ሲስቅ እንደ ድሮው ዓይኑ ይጠፋል። ለዚህ ሳቅ ብዬ ነው ያገባሁት ብል አልዋሸሁም።

የአፈሙዝ ካታሎጉን እንዳነብለት ሰጠኝ። ሲያቀብለኝ ወረቀቱ ይንኮሻኮሽ ነበር። ማሞቂያው ከሥር ስለሚነፍስ ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 4

ቸኩያለሁ። ሦስት የባሕር ኃይል ኮት ለነገ። አላሜዳ ባሕር ኃይል ሰፈር ሹመት በዝቷል፤ የተሾመ ሁሉ ክንዱ ላይ አዲስ ማዕረግ እንዲሰፋለት ወደኛ ስፌት ቤት ይመጣል። እኔን ግን የሚሾመኝ የለም።

አምሐ ሻዩን በግማሽ ብርጭቆ መጠጣት ጀምሯል። የጠረጴዛ ልብሱን እንዳያበላሽብኝ ብሎ ነው። አሳቢ ሰው።

እሑድ፣ ማርች 8

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተቀምጠን ካታሎጉን አነበብን። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ስንክሳር የማነብለት ነው የሚመስለው።

ይህን ያህል ዓይነት አፈሙዝ መኖሩን በዕድሜዬ አላውቅም ነበር። ዝገት የማይደፍረው ብረት አለ፣ ጥቁሩ ብረት አለ። ሃያ አራት ኢንች አለ፣ ሃያ ስድስት አለ። ቀጭን አለ፣ እንደ ዘነዘና የወፈረ አለ። ከሁሉ የገረመኝ የውስጡ ነገር ነው። ጥይቱ እየተሽከረከረ እንዲወጣ በውስጡ ጥምዝ መስመር ተቆርጦለታል። አጭርና ቀላል ጥይት በአሥራ አራት ኢንች አንድ ዙር ይበቃዋል፤ ረጅምና ከባዱ ግን ፈጠን ያለ ዙር ይፈልጋል።

«ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረጠው ጥይቱ ነው» አለኝ። «ምን እንደሚተኮስበት ሳይታወቅ አፈሙዝ አይገዛም።»

«ለሽኮኮ ነዋ።»

«ለሽኮኮ ቀላሉ ይበቃል። አሥራ አራት ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። ውፍረቱ ላይ ስደርስ ዓይኑን ገለጠ። «ቀጭኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲተኮስበት ይግልና መምታት ያለበትን ትቶ ሌላ ይመታል። በእጅ ሲያዝም ይወዛወዛል። ከባዱ ግን አንዴ ከተቀመጠ ተቀመጠ ነው። አይንቀጠቀጥም። ከሁሉ የሚከብደው የትኛው ነው?»

ስለ ብረቱ ነው የሚያወራው።

አምሐ የሚወደውን ነገር ሲያስረዳኝ እኔም እወደዋለሁ፤ ነገሩን ማለቴ ነው፣ እሱንማ ድሮም። እጮኛዬ ሆኖ ሳለ ከቀለበቱ በፊት የሰጠኝ ለመሐል ጣቴ የስፌት ቆብ ነበር፤ በቶርኖ የተሠራ፣ ልክክ ያለ። ጣቴን አልለካም። አይቶ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 11

ባህረዲን ኮል አደረገ። የአምሐ የሥራ ጓደኛ ነው፣ የወሎ ልጅ፤ ጎን ለጎን ነው ማሽን ላይ የሚውሉት። በዕድሜ ስለሚያንስ «ጋሼ» ይለዋል። «ጋሼ ደህና ነው?» አለኝ። ደህና ነው አልኩ። ስለ ኪራይ፣ ስለ መኪናው አውርቶ አውርቶ ሊዘጋ ሲል «ጋሼ ግን ደህና ነው?» አለኝ። ደህና ነው አልኩ።

ፅጌረዳ ደግሞ በስልክ ለጓደኛዋ «ማይ ዳድስ ሃንድ...» ስትል ደረስኩባት። ስታየኝ ስለ ፈተና ማውራት ጀመረች። አልጠየቅኋትም። የሰው ስልክ አይደመጥም፣ የልጅም ቢሆን።

ቅዳሜ፣ ማርች 14

«ነይ፣ አንቺም በእጅሽ መዝኚው» ብሎ ሳን ሆዜ ዎልት ዘንድ ይዞኝ ሄደ። ዎልት ሰባ አልፎታል፤ በተኩስ ብዛት ጆሮው ስለደከመ እንደ ገበያ አዋጅ ነጋሪ ነው የሚጮኸው። ሁለት አፈሙዝ አምጥቶ በሁለቱ ክንዶቼ ላይ አስተኛልኝ። መንታ እንደተገላገለች ሴት ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ወፍራሙ ክንዴን ቆረጠው። ዎልት ለአምሐ «ይህን ተሸክመህ ኮረብታ አትወጣም፤ መካከለኛውን ውሰድ» አለው።

«ኖ ዎልት። ሄቪ» አለ አምሐ።

«ጥርሱን ማን ያወጣለታል?»

ጥርስ የሚለው የአፈሙዙን መግቢያ ነው። ኋላው እንደ ብሎን ጥርስ ይወጣለትና ከጠመንጃው አካል ጋር ይጠመዘዛል። የፀጉር ያህል ከተዛባ አፈሙዙም ልፋቱም ገደል ገባ።

«ሚ» አለ አምሐ።

ዎልት የአምሐን ኪስ አየ፤ ቀኝ እጁ እዚያ ነበረች። ቀጥሎ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየሁ። ዳክዬ ያለበት ካላንደር ነው። ማርች ላይ ሁለት ዳክዬዎች አሉ።

እሑድ፣ ማርች 22

ምነው ዛሬ አፌን በቆረጠው። ምስር ወጡ ሸሚዙ ላይ ሲፈስበት «ልጅ ሆንክ እንዴ?» አልኩት፣ ያውም ፅጌረዳ ፊት። ተነሥቶ ሸሚዙን ራሱ አጠበው። ልጄም እያየችኝ «ማም፣ ስቶፕ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ምንም እንዳልሆነ ማዘዣውን ይዞ መጣ። «አንቺ ሙዪልኝ፤ መስመሮቹ ጠባብ ናቸው።» ሞላሁ። ዝገት የማይዘው፣ ሃያ ስድስት ኢንች፣ በአሥራ አራት አንድ ዙር፣ ውፍረት ካሉት ሁሉ ከባዱ። ፊርማው ላይ ስደርስ ብዕሩን ሰጠሁት። አልተቀበለኝም። «እሱንም አንቺ» አለኝ።

የአምሐ የእጅ ጽሑፍ የቁም ጸሐፊ ያስንቃል። ጎረቤት ሁሉ የሠርግ ጥሪውን እሱ ነበር የሚያስጽፈው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር የባሌን ስም ስፈርም ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። መስመሮቹ እውነትም ጠባብ ነበሩ።

ማክሰኞ፣ ማርች 31

አምሐ ከቶርኖ ወደ ማሸጊያ ተዛውሯል። «ከጩኸቱ ልረፍ ብዬ ነው» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ያልሰለቸው ጩኸት። ይረፍ እንግዲህ።

ዛሬ ሁለት ጊዜ ጣቴን ወጋሁት። ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ ቆሜ መውረጃዬ መድረሱን ሳላውቅ ባቡሩ ሄደ ልበል? አይ፣ ባቡሩ ውስጥ ነበርኩ፤ ሳልወርድ ነው ያለፈኝ። ምን እንደማስብ እግዜር ይወቅ።

ሰኞ፣ አፕሪል 20

ትናንት ፋሲካ ነበር። እትዬ ሮማነወርቅ ቤት ፈሰክን። ከባለቤታቸው ከአቶ ጌታቸው ጋር የኛን ሰው ሁሉ በየዓመቱ የሚሰበስቡ እሳቸው ናቸው። ባህረዲንም ነበር፤ የኛን ሥጋ ስለማይበላ ሚስቱ ሱልጣና የሠራችለትን በሳህኑ ለብቻው ይዞ። እንዲህ ነው የኛ በዓል፤ ሥጋው ይለያያል እንጂ ጨዋታው አይለያይም።

እንዴት ብዬ ልጻፈው። ዶሮው ቀረበ። አምሐ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ወጡ ሰደደ። ነጭ ልብስ ነው የለበሰው፣ እኔ ነኝ የተኮስኩለት። ጣቶቹ እንጀራው ላይ ሲደርሱ አየሁና ቀድሜ ጠቅልዬ አጎረስኩት። ሚስት ባሏን በፋሲካ ብታጎርስ ምን አለበት?

እትዬ ሮማነወርቅ ተከተሉ። «አንድማ ያጣላል» ብለው ደገሙ። አቶ ጌታቸው ተነሡ፤ እሳቸው ሰው ሲያጎርሱ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ የተቀመጡት ሴቶች። ባህረዲን እንኳን ከሳህኑ ሥጋ ያልነካው ሰላጣ ፈልጎ ጠቅልሎ መጣ። አምሐ አፉ ሞልቶ ጉንጩ አብጦ «በቃ፣ በቃ» ይላል፤ እኛ እንስቃለን። ሳቃችን ትንሽ በዝቶ ነበር።

ዘጠኝ ጉርሻ ቆጠርኩ። ከኛ መሐል ሌላ ሰው የጎረሰ የለም።

እሱም ይህንኑ አየ። ማላመጡን አቆመና እያንዳንዳችንን በተራ ተመለከተን። እጁን ኪሱ ከተተ።

መኪና ውስጥ «ሁሉም ያውቃል?» አለኝ።

«ምኑን?» አልኩት።

«እሺ» አለና ነዳ።

«ምኑን?» ያልኩት እኔ ነኝ። ከዘጠኙም ጉርሻ የኔ ይህች ቃል ትከፋለች።

ሐሙስ፣ አፕሪል 23

ለብቻው በሳህን ይበላል። ሩዝ፣ በማንኪያ። «ጨጓራዬን አሞኝ ነው።» አራት ቀን።

እሑድ፣ አፕሪል 26

አምሐ በሌለበት ባህረዲን መጣ። ሁልጊዜ ቀልድ የሚቀድመው ሰው ዛሬ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ሀረግዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለኝ። ከገና ጀምሮ አምሐ ምሳ ሲወጣ እየጠበቀ የተዛቡትን ሥራዎቹን በራሱ ማሽን ሲያቃናለት ነበር። አንድ ቀን አለቃቸው ደረሰበት። በማግሥቱ አምሐን ወደ ማሸጊያ አወረዱት።

«ምነው በነገርከው?»

«ጋሼን? በምን አፌ? ላዋርደው አልፈለግሁም። አንቺስ?»

«እኔም አልፈለግሁም።»

«በይ እንግዲህ፣ እንዳናዋርደው ስንል አዋረድነው» አለና ራሱን ነቀነቀ። ሻይ አቀረብኩለት፤ ሁለታችንም ሳንጠጣው ቀዘቀዘ።

እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። የአምሐ ቀኝ እጅ ይንቀጠቀጣል። ማሞቂያው አይደለም። መስመሩም አልጠበበም። እጁ እንጀራችን ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ አምሐ ማለት እጁ ነው። እሷን ካጣ ማን ሆኖ እንደሚቀር አላውቅም፤ እሱም የፈራው ይህንን ይመስለኛል። እኔ ደግሞ ፍርሃቱን ለብቻው ተውኩበት።

ቅዳሜ፣ ሜይ 9

አፈሙዙ ዛሬ መጣ። ፖስተኛው ሳጥኑን ሲያስረክበኝ «ምንድነው፣ ሐዲድ ነው?» አለኝ።

አምሐ በጥርሱም በመዶሻም ብሎ ከፈተው። መስኮቱ ጋ ወሰደውና ጫፉን መስኮቱ ደፍ ላይ አሳርፎ በአንድ ዓይኑ ወደ ውስጥ አየ። ብዙ ቆየ። ከዚያ «ሀረግ፣ ነይ እዪ» አለኝ። ከፋሲካ ወዲህ በስሜ ሲጠራኝ ዛሬ ገና ነው።

አየሁ። ብርሃኑ ጥምዙን ተከትሎ እየዞረ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ይሄዳል። እንዲህ የጠራ ነገር ብረት ውስጥ ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር። ዓይኔን ሳላነሣ ተናገርኩ፤ ፊቱን እያየሁ ቢሆን አልችልም ነበር።

«አምሐ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል።»

«ከመቼ ጀምሮ አየሽው?» አለኝ።

«ከገና።»

«እኔ ከመስቀል።»

«ከመስቀል እስከ ገና ብቻህን?»

«አንቺስ ከገና እስከ ዛሬ ከማን ጋር ነበርሽ?»

አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ፤ ሲያለቅስም ዓይኑ ይጠፋል። ኋላ ወለሉ ላይ አፈሙዙን መሐላችን አድርገን ተቀመጥን። «ለምን ከሁሉ ከባዱን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? እኔ ስንቀጠቀጥ እሱ እንዳይሰማኝ ብዬ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ከባዱን ነገር ተናገረ። ባለፈው ቅዳሜ ዎልት ዘንድ በቁራጭ ብረት ላይ ጥርስ ማውጣት ሞክሮ ነበር። ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም አበላሽቷል።

«ባህረዲንን ጠይቀው» አልኩት።

«ረመዳን ይዟል፤ ይጾማል።»

«እጁ አይጾምም።»

ቀኝ እጁን በሁለት እጄ ያዝኳት። ልክ እንደ ወፍ ጫጩት ናት። ይህን ሁሉ ወር አልያዝኳትም ነበር።

ቅዳሜ፣ ሜይ 16

የዛሬው ነገር ምስክር እኔ ነኝ፣ እንዳለ ልጻፍ። ባህረዲን አፉ ደርቆ ዎልት ቤት ቶርኖው ላይ ቆሟል። አምሐ ከኋላው ሆኖ ግራ እጁን ኪሱ፣ ቀኝ እጁን ባህረዲን ትከሻ ላይ አድርጎ ያዝዘዋል። «ትንሽ ግባ። አቁም። ቅባት። አሁን በጣም ትንሽ።» ማሽኑን አያይም፤ ድምፁን ነው የሚሰማው። አንዴ ዓይኑን ጨፍኖ «ቢላዋው ደነዘ፣ ሳለው» አለ። ዎልት አጎንብሶ አየና በመገረም አፏጨ፤ እውነትም ደንዞ ነበር።

በጭንቁ መሐል ባህረዲን ማሽኑን አጠፋና ዞረ። «ጋሼ፣ ይችን እጅህን ከትከሻዬ አንሳት። አንተ ትከሻዬን፣ እኔ ማሽኑን፣ ማሽኑ ዎልትን፤ ሳን ሆዜ በሙሉ እየተንቀጠቀጠች ነው!»

እጁን በስሟ ጠርቶ የቀለደባት የለም እስከ ዛሬ።

አምሐ ሳቀ። እንባው እስኪፈስ፣ ማሽኑን ተደግፎ ሳቀ። ዎልት ምን እንደተባለ ሳይገባው አብሮ ሳቀ። ከዚያ ጥርሱ ወጣ፤ አፈሙዙ ከጠመንጃው አካል ጋር ሲጠመዘዝ በጣት ብቻ ገባ፣ አንዲት ድምፅ ሳያሰማ። «አልሐምዱሊላህ፣ ውሃ ቢፈቀድልኝ ባልዲ ነበር የምጠጣው» አለ ባህረዲን። ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቅን። ሱልጣና ዘንድ ሄደን አብረን ተቀመጥን፤ እኛ ሾርባና ተምር፣ እነሱ ሥጋውንም ጭምር።

ዓርብ፣ ሜይ 22

ሐኪም ዘንድ። አምሐን ውሃ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ገልብጥ አለው። ፈሰሰ። ሐኪሙ ጠረጴዛውን በወረቀት ጠረገና ልክ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ አድርጎ ተናገረ። ስሙ ረጅም ነው፣ አልያዝኩትም። ፍሬ ነገሩ አይገድልም፤ አይለቅምም። ኪኒኑ ይቀንስለታል እንጂ አያጠፋለትም። ወደ ቶርኖ እመለሳለሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። «አይመስለኝም» አለው ሐኪሙ።

ወደ ቤት ስንመለስ ፅጌረዳ በሩን ከፈተች። ያለወትሮዋ በአማርኛ «አባባ፣ ምን አሉህ?» አለችው። ሁሉንም ነገራት።

ረቡዕ፣ ጁን 3

አምሐ ራሱ ለአለቃው ተናገረ። የተሠራውን ዕቃ የሚመረምሩበት ክፍል አለ፤ እዚያ ዓይኔና ጆሮዬ ይበቃሉ፣ እዚያ ውሰዱኝ ብሎ። አለቃው «አያለሁ» ብሏል። እስካሁን እያየ ነው።

እሑድ፣ ጁን 14

ዛሬ ጠመንጃው ተኮሰ። ከሊቨርሞር ወዲህ ባለው የዒላማ ሜዳ ሁላችንም፣ ባህረዲንም፣ ፅጌረዳም፣ ጆሮአችንን ሸፍነን ከኋላ ተደረደርን። ዎልት ሰደፉን ገጥሞ መነጽሩን አስሮለታል። ሲያዩት የሚያምር ነገር አይደለም። ወፍራም ነው፣ ግትር ነው፣ ተሸክመን ስናወርደው እኔና ባህረዲን ተቃቅፈን ልንወድቅ ነበር።

አምሐ ጠመንጃውን አሸዋ በተሞሉ ከረጢቶች ላይ አጋደመው። አልያዘውም። ተጠግቶ ተቀመጠና አንድ ጣቱን ብቻ ምላጩ ጋ ወሰደ። ጣቱ ስትርገበገብ ከኋላ ይታየኛል። ጠበቀ። በሆዴ እመቤቴን ጠራሁ። አፈሙዙን አየሁት፤ ከዚያ ሁሉ ርግብግቢት አንዲቷም አልደረሰችበትም።

አምስት ተኮሰ። ከአጠገባችን የሚተኩስ አንድ የማናውቀው ሰውዬ በመነጽሩ አይቶ «ኦ ቦይ» አለ። ሄደን ወረቀቱን ስናመጣው አምስቱ ጥይት አንድ ቀዳዳ ሆኗል፤ ፅጌረዳ ዳይም የምትባለውን ትንሿን ሳንቲም ብታስቀምጥበት ተሸፈነ። እልልታዬን ለቀቅሁት። ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ፤ ይዙር።

ሰውዬው ለአምሐ እጁን ሊጨብጥ መጣ። «እንዴት ያለ የማይነቃነቅ እጅ አለህ!» አለው በእንግሊዝኛ።

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ባህረዲን ስለ ነፋሱ ማውራት ሊጀምር አፉን ከፈተ። ሁላችንም የለመደብንን ልናደርግ ነው።

አምሐ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ጣቶቹን ዘርግቶ በሰውዬው ፊት ከፍ አደረጋት፤ በፀሐዩ ላይ፣ ልጁ እያየች፣ እኛ ሁላችን እያየን። ተንቀጠቀጠች፣ እንደልቧ።

«ኖ» አለው እየሳቀ። «ጉድ ባረል።» ጥሩው አፈሙዙ ነው ማለቱ ነው።

ሰውዬው ያችኑ እጅ ይዞ ጨበጣት። አምሐ ከዚያ በኋላ ወደ ኪሱ አልመለሳትም።